ምረቃው ደርሷል፣ ቪዛው ሊያልቅ ነው፤ ለጋብቻ ግን ገና አልተዘጋጀንም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። በሴፕቴምበር 2022 ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ እንግሊዝ መጥቼ ሦስት ዓመት ተማርኩ፤ ቪዛዬን እዚሁ አሳድሼም አሁን የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርቴን በማጠናቀቅ ላይ እገኛለሁ። ትምህርቱ በሴፕቴምበር 2026 መጨረሻ ያበቃል፤ የተማሪ ቪዛዬ ደግሞ በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ያልቃል። የብሪታንያ ዜጋ ከሆነ እጮኛዬ ጋር ከተዋደድን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖናል፤ ያለፉትን አሥራ አራት ወራት የኖርነው በአንድ ቤት ነው። እሱ በዓመት 26,500 ፓውንድ ይከፈለዋል። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ በወር በአማካይ 950 ፓውንድ ያህል አገኛለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «የእሱ ደመወዝ 29,000 ስለማይሞላ የፓርትነር (የትዳር ወይም የሕይወት አጋር) ቪዛን እርሺው» ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ «ቶሎ ተጋቡና ተገላገሉ» ይላሉ። መጋባታችን አይቀርም፤ ነገር ግን ቪዛ አለቀ ተብሎ በጥድፊያ የሚደረግ ሠርግ እኔም ሆንኩ እሱ፣ ቤተሰቦቻችንም ጭምር አንፈልግም። ምን አማራጭ አለን? የትኛውስ ይቅደም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳስብ፤ በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ የክፍያ ተመኖቹም በ2025 የወጡት ናቸው፤ ክፍያ በየጊዜው ስለሚጨምር ማመልከቻዎን በሚያስገቡበት ቀን የሚጠየቀውን መጠን ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ጓደኞችዎ የሰጡዎት ሁለት ምክሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ስሕተት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ያልተጠየቀ ነው። ስሕተቱን በማረም ልጀምር። ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓርትነር ቪዛ የሚያመለክቱ ጥንዶች በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል፤ ከዚያ በፊት ከ2012 ጀምሮ ይጠየቅ የነበረው 18,600 ነበር። ብዙ ሰው ይህ ገንዘብ የግድ ከዜጋው ወገን ብቻ መምጣት ያለበት ይመስለዋል። ይህ እውነት የሚሆነው አመልካቹ ከብሪታንያ ውጭ ሆኖ ሲያመለክት ነው፤ በውጭ አገር የሚያገኘው ደመወዝ አይቆጠርለትምና። አመልካቹ እንደ እርስዎ በሕጋዊ ቪዛ እዚያው ሆኖ፣ እንዲሠራ ተፈቅዶለት የሚሠራ ከሆነ ግን የራሱ ደመወዝ ከአጋሩ ደመወዝ ጋር ይደመራል። የእጮኛዎ 26,500 እና የእርስዎ የዓመት ግምት 11,400 ሲደመሩ 37,900 ፓውንድ ይሆናሉ፤ ከሚጠየቀው በ8,900 ይበልጣል ማለት ነው። «እርሺው» የተባለው ቪዛ ዛሬውኑ በገንዘብ በኩል ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለቱም ገቢዎች በማስረጃ መቆም አለባቸው። ሁለታችሁም በየመሥሪያ ቤታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ሠርታችሁ ከሆነ የሚቀርበው የስድስት ወር ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት)፣ ደመወዙ የገባበት የባንክ ስቴትመንት እና ከአሠሪው የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። የእሱ ቋሚ የወር ደመወዝ ከሆነ የሚታየው በስድስቱ ወራት ውስጥ የተከፈለው ዝቅተኛው መጠን ሲሆን፣ በሰዓት የሚከፈለው የእርስዎ ገቢ ግን ተደምሮ አማካዩ ይወሰዳል፤ ስለዚህ አንድ ወር ሰዓት ቢቀንስብዎት ብዙ አያሳስብዎት። ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ተቃራኒው ነው። የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከሃያ ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራበት ክረምት (ከጁን እስከ ሴፕቴምበር) አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዕረፍት ሳይሆን እንደ ትምህርት ወቅት ይቆጠራል። ለቪዛ ማስረጃ ብለው የሚያቀርቡት ፔይስሊፕ አንዱን ሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት እንደሠሩ የሚያሳይ ከሆነ፣ ገቢዎን ያረጋገጡበት ወረቀት ራሱ የቪዛ ግዴታ መጣስዎን ይመሰክርብዎታል። ከዛሬ ጀምሮ የሰዓት መዝገብዎን ከፔይስሊፑ ጋር እያመሳከሩ ያስቀምጡ። በተማሪ ቪዛ ላይ የግል ሥራ መሥራት ጨርሶ የተከለከለ ስለሆነም፣ በስልክ መተግበሪያ ምግብ እንደ ማመላለስ ያለው ሥራ ለገቢ ማሟያ ተብሎ ሊታሰብ አይገባም።

እንበልና ሥራዎ ቢቋረጥ፣ የሚጎድለው 2,500 ፓውንድ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት በቁጠባም ሊሸፈን ይችላል፤ ስሌቱ ግን ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። ከቁጠባው ላይ የመጀመሪያው 16,000 ፓውንድ አይቆጠርም፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሁለት ተኩል ይካፈላል። ስለዚህ ለ2,500 ጉድለት 22,250 ፓውንድ፣ ያለ ምንም ገቢ በቁጠባ ብቻ ለማመልከት ደግሞ 88,500 ፓውንድ ለስድስት ወር በባንክ መቀመጥ ይኖርበታል። የእርስዎ የመጦሪያ ቤት ሥራ በወር ከሚያስገኝልዎት 950 ፓውንድ የበለጠ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጋብቻው ልመለስ። የኢሚግሬሽን ደንቡ አጋር የሚለው ባልና ሚስትን፣ የሲቪል ጥምረት የፈጸሙትን እና ቢያንስ ለሁለት ዓመት ጋብቻን በሚመስል ግንኙነት የቆዩ ጥንዶችን ነው። እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ ያልተጋቡ ጥንዶች ሁለቱን ዓመት በአንድ ቤት መኖራቸውን ማሳየት ነበረባቸው፤ አሁን አብሮ መኖሩ በግድ የሚጠየቅ አይደለም፤ ነገር ግን ግንኙነቱ ከመዋደድ አልፎ የትዳር ያህል የጸና እንደነበር ማሳመን ያስፈልጋል። የእናንተ ጉዳይ በትክክል በዚህ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት ተኩሉ በቁጥር ሞልቷል፤ አብራችሁ የኖራችሁት ግን አሥራ አራት ወር ነው፤ የቀረውን ጊዜ ባለሥልጣኑ «ጓደኝነት እንጂ ትዳር መሰል አልነበረም» ሊለው ይችላል። በእኔ አስተያየት ዛሬ ሳትጋቡ ብታመለክቱ ተቀባይነት ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ፓውንድ ከፍዬ በዚህ ክርክር ላይ አልወራረድም። ከአሥር ወር በኋላ፣ በሁለታችሁም ስም የወጣ የኪራይ ውል፣ የካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደር የቤት ግብር)፣ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ፣ ከባንክና ከሐኪም ቤት የመጡ ደብዳቤዎች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ክርክሩ ራሱ ይጠፋል። የፎቶግራፍ አልበም የሚልኩ አሉ፤ አይከፋም፤ አንድ የካውንስል ታክስ ወረቀት ግን ከሃያ ፎቶግራፍ ይበልጣል።

ብትጋቡ የሁለት ዓመቱ ጥያቄ ይቀራል፤ የምታሳዩት ጋብቻው በሕግ የጸና መሆኑን፣ ግንኙነታችሁም እውነተኛ መሆኑን ይሆናል። በእንግሊዝና በዌልስ ከጋብቻው በፊት በመዝገብ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱ በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ለዚህ ወደተመደበ ጽሕፈት ቤት መቅረብ አለባችሁ። የሚጠበቀው ጊዜ 28 ቀን ነው፤ ሆም ኦፊስ (የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ጋብቻው የይስሙላ እንዳልሆነ ላጣራ ካለ ግን ወደ 70 ቀን ይራዘማል። በኖቬምበር መጨረሻ ማስታወቂያ ሰጥቶ በጃንዋሪ መጨረሻ የሚያልቅ ቪዛን እቀድማለሁ ማለት እንግዲህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከቀኖቹ ይታያል። በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ የተፈጸመና በሕግ ያልተመዘገበ ጋብቻም ለቪዛ እንደ ጋብቻ አይቆጠርም፤ በዚህ የተሳሳቱ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም።

የእጮኛ ቪዛ የሚባለውን ሰምተው ከሆነ ይተዉት፤ እሱ ከውጭ ለሚመጣና በስድስት ወር ውስጥ ለሚጋባ ሰው የተሠራ እንጂ አገር ውስጥ ላለ ተማሪ አይሆንም፤ ሥራም አያሠራም።

እስካሁን ያልጠቀሱት፣ ለእርስዎ ግን ይበልጥ ቅርብ የሆነው መንገድ ለተመራቂዎች የሚሰጠው የግራጁዌት ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ አሠሪ አይጠይቅም፣ የደመወዝ መጠን አይጠይቅም፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጋር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተማሪ ቪዛዎ ሳያልቅ፣ አገር ውስጥ ሆነው፣ ዩኒቨርሲቲዎ ትምህርቱን በሚገባ ማጠናቀቅዎን ለሆም ኦፊስ ካሳወቀ በኋላ እንዲያመለክቱ ነው። ክፍያው 880 ፓውንድ ሲሆን ለጤና አገልግሎት በዓመት 1,035 ይጨመርበታል፤ ለሁለት ዓመት በድምሩ 2,950 ይሆናል። በግል ሥራም ሆነ በቅጥር፣ ከፕሮፌሽናል ስፖርተኛነት በስተቀር፣ ያለ ሰዓት ገደብ ያሠራል።

የዚህ ቪዛ ዕድሜ እየተቀየረ ስለሆነ ቀኑን ልብ ይበሉ። እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 የሚያመለክት የመጀመሪያ ወይም የማስተርስ ዲግሪ ምሩቅ ሁለት ዓመት ያገኛል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ የሚያመለክት ግን አሥራ ስምንት ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። ለዶክትሬት ምሩቃን ሦስቱ ዓመት አልተነካም። የእርስዎ የተማሪ ቪዛ የሚያልቀው በጃንዋሪ መጨረሻ ስለሆነ «ገና ጊዜ አለኝ» ብለው ቢዘናጉ ስድስት ወር ያጣሉ። ስለዚህ አሁኑኑ ለዩኒቨርሲቲዎ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጽፈው የማስተርስ ውጤት መቼ እንደሚጸድቅና ለሆም ኦፊስ መቼ እንደሚተላለፍ በቁርጥ ይጠይቁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማራዘሚያ የመጠየቅ ሐሳብ ካለዎትም ከዚህ ቀን ጋር አገናዝበው ይወስኑ። የምረቃው ሥነ ሥርዓት ራሱ ለቪዛው ምንም ፋይዳ የለውም፤ ጋውን ሳይለብሱ ማመልከት ይቻላል።

የግራጁዌት ቪዛ ጉድለቱ የማይታደስ መሆኑና በእሱ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ለፓርትነር ቪዛ አምስት ዓመት የማይቆጠር መሆኑ ነው። የፓርትነር ቪዛ አገር ውስጥ ሲሰጥ ለሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ አንዴ ይታደሳል፤ አምስት ዓመት ሲሞላ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ቆጠራው የሚጀምረው የመጀመሪያው የፓርትነር ቪዛ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ እንደ ተማሪም ሆነ እንደ ምሩቅ የኖሩበት ዘመን አይገባም። ብዙ አማካሪዎች «ሁለት ዓመት ታባክናለህ» እያሉ ተመራቂውን ወደ ጋብቻ የሚያጣድፉት በዚህ ምክንያት ነው።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ ግን ይህ ስሌት ግማሽ ነው። በሕጋዊ ቪዛ ሳይቋረጥ አሥር ዓመት ለኖረ ሰው የተለየ የቋሚ ፈቃድ መንገድ አለ፤ በእሱ የተማሪነት፣ የምሩቅነትና የአጋርነት ዘመን ሁሉ ይደመራል፣ ከአገር የወጡባቸው ቀኖች ከገደቡ እስካላለፉ ድረስ። እርስዎ በሴፕቴምበር 2022 ስለገቡ አሥሩ ዓመት የሚሞላው በሴፕቴምበር 2032 ነው። አሁኑኑ ተጋብተው በጃንዋሪ 2027 አካባቢ ወደ ፓርትነር ቪዛ ቢገቡ ቋሚ ፈቃድ የሚጠይቁት በ2032 መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለቱን ዓመት በግራጁዌት ቪዛ ቆይተው ከዚያ ወደ ፓርትነር ቪዛ ቢሻገሩ ደግሞ የአምስት ዓመቱ መንገድ ወደ 2033 መጨረሻ ይገፋል፤ የአሥር ዓመቱ ግን በሴፕቴምበር 2032 ይደርስልዎታል። ባከነ የተባለው ሁለት ዓመት በእርስዎ ላይ ስምንት ወር ገደማ ሆነ ማለት ነው። የብሪታንያ መንግሥት በኖቬምበር 2025 የቋሚ ፈቃድ ደንቦችን በስፋት ለመለወጥ ሐሳብ አቅርቦ ስለነበር የአሥር ዓመቱን መንገድ እንደ ብቸኛ ተስፋ አይያዙት፤ የዜጎች አጋሮች የአምስት ዓመት መንገድ ግን እንዲጠበቅ ነው በዚያው ሐሳብ ላይ የተመለከተው።

ሌላው፣ ሰው የሚያፍርበት፣ ስለዚህም የማይጠይቀው ጉዳይ ነው። የፓርትነር ቪዛ በግንኙነቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥንዶቹ ቢለያዩ ለሆም ኦፊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቪዛውም ሊያጥር፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ 60 ቀን ሊወርድ ይችላል። በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ለተለያየ ሰው በራሱ ቋሚ ፈቃድ የሚጠይቅበት ልዩ ድንጋጌ አለ፤ በሰላም ለተለያየ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለም። የግራጁዌት ቪዛ የእርስዎ የብቻዎ ነው። በእጮኛዎ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ሥራ ገና ያልያዘ፣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ወጣት የመኖሪያ መብቱን በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ሲያሳርፍ ትዳሩ ውስጥ የሚገባው ክብደት ቀላል አለመሆኑን በዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ውጤትዎ እንደተላለፈ፣ ከዲሴምበር 31 በፊት፣ የግራጁዌት ቪዛ ማመልከቻዎን ያስገቡ። ሠርጋችሁን ባሰባችሁት ጊዜና ሁኔታ አድርጉ። ሁለቱ ዓመት ከማለቁ ከብዙ ወራት በፊት፣ ተጋብታችሁም ሆነ የሁለት ዓመት አብሮ መኖር ማስረጃ ሞልቶ፣ እዚያው ሆነው ወደ ፓርትነር ቪዛ ይሻገሩ፤ ክፍያው 1,321 ፓውንድና ለሁለት ዓመት ተኩል የጤና አገልግሎት 2,587 ፓውንድ ከ50 ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታዎ በብሪታንያ ዲግሪዎ ይረጋገጣል፣ ፈተና አይፈተኑም። ለዚህ ሐሳብ የምትከፍሉት 2,950 ፓውንድ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ሁለታችሁም ቀድሞውኑ በክረምቱ መጨረሻ ለመጋባት የቆረጣችሁ ብትሆኑ ኖሮ በቀጥታ ወደ ፓርትነር ቪዛ ግቡ እላችሁ ነበር። ደብዳቤዎ የሚለው ግን ሌላ ነው።

በመካከሉ ጥሩ ሥራ ቢገኝና አሠሪው ስፖንሰር ልሁን ቢል ስኪልድ ወርከር (የሠለጠነ ሠራተኛ) ቪዛም አለ። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ መነሻ ደመወዙ 41,700 ፓውንድ ሲሆን፣ ከተማሪ ወይም ከግራጁዌት ቪዛ ለሚሻገር አዲስ ተቀጣሪ 33,400 ነው፤ ይህም ለሥራው ዘርፍ ከተወሰነው መጠን ጋር ተነጻጽሮ ከፍተኛው ይወሰዳል። የመጦሪያ ቤት እንክብካቤ ሠራተኛነት ለዚህ ቪዛ ከውጭ ለሚመጡ ተዘግቷል፤ የዲግሪ ደረጃ ያለው ሥራ ይፈልጉ። የስኪልድ ወርከርና የፓርትነር ቪዛ ዘመኖች ለአምስት ዓመቱ እርስ በርስ እንደማይደመሩም ይወቁ፤ አንዱን ይዘው ይዝለቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የብሪታንያ ዜጋ ናት፤ ባለፈው ዓመት በሕግ ተጋብተናል። የማስተርስ ውጤቴ ስለዘገየ የተማሪ ቪዛዬ አራት ሳምንት ሲቀረው ገና አልጸደቀም። ባለቤቴ የታመሙ እናቷን ስለምትንከባከብ የተንከባካቢ አበል እንጂ ደመወዝ የላትም። አንድ ሰው «አገርህ ደርሰህ በጎብኚ ቪዛ ተመለስ» አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ያንን ምክር አይስሙ። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው አገር ውስጥ ሆኖ ወደ ፓርትነር ቪዛ መቀየር አይፈቀድለትም፤ ይህን አስቦ መግባቱ ራሱ ለመከልከል ምክንያት ይሆናል። እርስዎ ዛሬ በተማሪ ቪዛ ላይ ስለሆኑ ግን መቀየር ይችላሉ፤ የፓርትነር ቪዛ የዲግሪዎን ውጤት አይጠብቅም።

ስለ ገንዘቡ፣ ባለቤትዎ የተንከባካቢ አበል ስለምታገኝ 29,000 ፓውንዱ እናንተን አይመለከትም። በእሱ ምትክ የሚጠየቀው በቂ መተዳደሪያ ነው፤ ይኸውም ግብርና የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ገቢያችሁ ለጥንዶች ከሚሰጠው መሠረታዊ የመንግሥት ድጋፍ መጠን እንዳያንስ ነው። አበሉ ስለመከፈሉ ደብዳቤውንና የባንክ ስቴትመንቱን ያዘጋጁ።

አንድ መሰናክል ሊኖር የሚችለው በእንግሊዝኛው በኩል ነው። ዲግሪው ገና ስላልተሰጠዎት በእሱ ማረጋገጥ አይችሉም፤ ከዚህ በፊት በብሪታንያ ያገኙት ዲግሪ ከሌለ በሆም ኦፊስ በታወቀ የፈተና ጣቢያ የኤ1 (የጀማሪ) ደረጃ የንግግርና የማዳመጥ ፈተና ዛሬውኑ ይመዝገቡ። ማመልከቻው ቪዛዎ ከማለቁ በፊት ከገባ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ያለዎት ፈቃድ ከነግዴታዎቹ በሕግ ይራዘማል፤ ነገር ግን ውሳኔው ሳይመጣ ከአገር ቢወጡ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለለቅሶም ቢሆን መውጣት ምን እንደሚያስከፍል አስቀድመው ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው የምማረው፤ ስጨርስ ወደ አገሬ ተመልሼ ሁለት ዓመት እንድቆይ ፈርሜያለሁ። እዚህ ከተዋወቅኳት ከብሪታንያዊት ጋር ልንጋባ ነው። ጋብቻው ግዴታውን ያነሣልኛል?

መልስ፦ አያነሣልዎትም። የፈረሙት ውል በእርስዎና በስኮላርሺፑ ሰጪ መካከል ነው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያፈርሰውም። ለምሳሌ የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ተሸላሚዎቹ ስኮላርሺፑ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ያስገድዳል። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የትምህርትና የኑሮ ወጪው በመንግሥት ወይም በዓለም አቀፍ ስኮላርሺፕ ተቋም የተሸፈነለት ሰው የግራጁዌት ቪዛ ለመጠየቅ ከተቋሙ የጽሑፍ ፈቃድ ማቅረብ አለበት፤ ያለዚያ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል።

በፓርትነር ቪዛ ደንብ ውስጥ ይህ የፈቃድ ደብዳቤ የለም፤ ስለዚህ ቪዛውን ማግኘትዎ የሚቻል ነው፣ ውሉን በማፍረስዎ የሚመጣው ተጠያቂነት ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ከማንኛውም ማመልከቻ በፊት ውሉን እንደገና አንብበው፣ ገንዘብ መመለስን የሚመለከተውን አንቀጽ ፈልገው፣ ለስኮላርሺፑ ቢሮ ሁኔታውን በጽሑፍ ያስታውቁ። ከሶሊሲተር (ከጠበቃ) ወይም በኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ከተመዘገበ አማካሪ ካልሆነ በቀር ገንዘብ ከፍለው ምክር አይቀበሉ፤ ያልተመዘገበ ሰው በብሪታንያ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠቱ ወንጀል ነው።

ሁለቱን ዓመት በአገርዎ ከቆዩ በኋላ ከውጭ ሲያመለክቱ ክፍያው 1,938 ፓውንድ ሲሆን ቪዛው ለሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይሰጣል። ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ከሆነ በታወቀ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የእርስዎ የአገር ቤት ደመወዝ ስለማይቆጠር 29,000 ፓውንዱን ባለቤትዎ በራሷ ገቢ ወይም ሁለታችሁ በቁጠባችሁ መሙላት ይኖርባችኋል፤ ስለዚህ እሷ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የምትይዘው ሥራ የእርስዎንም መመለሻ ቀን ይወስናል።